ክትባቱ ነፃ ነው፤ ወረፋው ግን ዋጋ አለው

እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1947 አንድ የምንጣፍ ነጋዴ ከባለቤቱ ጋር ከሜክሲኮ በአውቶቡስ ተጉዞ ኒውዮርክ ገባ። ስሙ ዩጂን ለባር ይባላል። ጉዞው ወደ ሰሜን፣ ወደ ሜይን ክፍለ ግዛት ነበር። መንገድ ላይ ሳለ ራሱን ያመው ጀመር፤ ሰውነቱም ላይ ሽፍታ ወጣበት። ሆቴል አርፎ ትንሽ ለማገገም ሞከረ፤ ሲብስበት ሆስፒታል ገባ፤ ከዚያም ወደ ተላላፊ በሽታዎች ሆስፒታል ተዛወረና ማርች 10 ቀን ሞተ። ሐኪሞቹ በሽታው ምን እንደሆነ አላወቁም። ያወቁት ከሳምንታት በኋላ፣ በዚያው ሆስፒታል የነበሩ ሌሎች ሰዎች መታመም ሲጀምሩ ነው። በሽታው ፈንጣጣ ነበር።

ኒውዮርክ በዚያን ጊዜ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት። ወሬው የተረጋገጠው በፋሲካ ሰሞን፣ ገበያው በደመቀበትና እንግዳ ከየአቅጣጫው በሚጎርፍበት ወቅት ነው። የከተማዋ የጤና ኮሚሽነር ዶክተር እስራኤል ዋይንስታይን ነገሩን አድበስብሰው ማለፍ ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። በሬዲዮ ቀርበው ለሕዝቡ ተናገሩ፤ ሁሉም ሰው እንዲከተብ ጠየቁ። ከንቲባው ዊሊያም ኦድዋየር የመድኃኒት ፋብሪካ ኃላፊዎችን ጠርተው ተጨማሪ ክትባት እንዲያቀርቡ ወጥረው ያዟቸው። የክትባት ጣቢያዎች በሆስፒታሎች፣ በጤና ጣቢያዎች፣ በትምህርት ቤቶችና በፖሊስ ጣቢያዎች ተከፈቱ። በጎ ፈቃደኞች ወረፋ ያስከብሩ፣ ስም ይመዘግቡ ጀመር።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ 5 ሚሊዮን ሰው፣ አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ደግሞ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሰው መከተቡን ከተማዋ አስታወቀች። በፈንጣጣው የታመሙት 12 ሰዎች፣ የሞቱት 2 ብቻ ነበሩ። በመካከሉ ክትባት ያጠረበት፣ ሕዝብም የተጉላላበት ቀን አልጠፋም። ቢሆንም ሱቁ አልተዘጋም፤ ወደቡ አልቆመም፤ ነጋዴው ከሸሪኩ ጋር መገበያየቱን ቀጠለ።

የሱራት ዕዳ

ከዚህ ጋር ሊነፃፀር የሚገባው የሌላ የንግድ ከተማ ታሪክ አለ። በሕንድ የጉጃራት ክፍለ ግዛት የምትገኘው ሱራት የአልማዝ መሞረጃና የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1994 በከተማዋ ቸነፈር ገባ ተባለ። ለቸነፈር መድኃኒት አለው፤ ቴትራሳይክሊን የሚባለው ርካሽና የታወቀ ፀረ ተሕዋስያን ነው። ሕንድ ደግሞ መድኃኒት አምራች አገር ናት። ስለዚህ የጠፋው መድኃኒቱ አልነበረም።

የጠፋው ሰው የት ሄዶ፣ ከማን እጅ፣ በስንት ሰዓት መድኃኒት እንደሚያገኝ የሚናገር ነበር። በከተማዋ ያሉ የመድኃኒት መደብሮች በጥቂት ቀናት ውስጥ ተራቆቱ፤ አቅም ያለው ለወራት የሚበቃ እንክብል ገዝቶ ሲያስቀምጥ ሌላው ባዶ እጁን ቀረ። ከግል ሐኪሞችም ከተማዋን ጥለው የወጡ ነበሩ። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ፣ አብዛኛው ከሌላ አካባቢ የመጣ የቀን ሠራተኛ፣ ባቡርና አውቶቡስ እየተሳፈረ ወደየትውልድ ቀዬው ሸሸ። ሽሽቱ የወረርሽኙን ወሬ በመላ አገሪቱ በተነው። ባሕር ማዶ ያሉ አገሮች በረራ ሰረዙ፤ በሕንድ ዕቃ ላይ እገዳ የጣሉም ነበሩ።

በወረርሽኙ የሞተው ሰው በመላ አገሪቱ ከ50 ብዙም አልበለጠም። የንግዱ ኪሳራ ግን ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ተገምቷል። የአልማዝ መሞረጃ ቤቶቹና የሽመና ፋብሪካዎቹ ሠራተኛ አጥተው ቆሙ። ገዢ ውሉን አዘገየ፤ ባንክ ግን ወለዱን አላዘገየም።

ሁለቱ በሽታዎች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ዘመኑም ይለያያል። ከክትባት ይልቅ የእንክብል ጉዳይ መሆኑም ልዩነት አለው። ቢሆንም ለነጋዴ የሚጠቅመው ትምህርት ያው ነው። በወረርሽኝ ጊዜ ገበያን የሚዘጋው በሽታው ብቻ አይደለም። ሰው የሚከላከልበትን ነገር ማግኘቱን ሲጠራጠር እግሩን ያነሣል፤ ሠራተኛው እግሩን ካነሣ ደግሞ ባለ ፋብሪካው የቀረው ማሽን ብቻ ነው።

ሃያ ጫኝ፣ አንድ ቁልፍ ያዥ

መርካቶ ውስጥ ዕቃ ያወረደ ነጋዴ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ሃያ ጫኝና አውራጅ ተሰልፎ ቢቆም፣ መጋዘኑን የሚከፍተው ቁልፍ ያዥ አንድ ከሆነና እሱም ሻይ ሊጠጣ ከወጣ፣ መኪናው ቆሞ ይውላል። የሃያው ሰው ጉልበት በአንዱ ሰው እግር ይለካል። የክትባትና የመድኃኒት ዕደላ ጣቢያም በዚሁ ሕግ ይገዛል።

ሒሳቡ ይኸው። አንድ ጣቢያ 20 ከታቢ ነርሶች አሉት ይባል። አንዱን ሰው ለመከተብ 3 ደቂቃ ቢፈጅ፣ አንዷ ነርስ በሰዓት 20 ሰው፣ ሃያዎቹ ደግሞ 400 ሰው ይከትባሉ። በቀን 10 ሰዓት ቢሠሩ 4,000 ሰው ማለት ነው። 4 ሚሊዮን ሕዝብ ላለው ከተማ በ10 ቀን ለማዳረስ እንዲህ ያሉ 100 ጣቢያዎች ይበቃሉ። ቁጥሩ የሚያስፈራ አይደለም።

ነገር ግን በዚያው ጣቢያ በር ላይ 5 መዝጋቢዎች ብቻ ተቀምጠው፣ አንዱን ሰው ለመመዝገብ 4 ደቂቃ ቢወስድባቸው፣ በሰዓት የሚያልፈው 75 ሰው ነው። ከውስጥ ያሉት ነርሶች 400 ሰው የመከተብ አቅም ይዘው ከአምስት እጅ አራቱን ጊዜ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ውጭ ያለው ሕዝብ ግን ፀሐይ ላይ ነው። የ10 ቀኑ ሥራ ከ50 ቀን በላይ ይፈጃል። ችግሩን ያየ ባለሥልጣን «ነርስ ይጨመር» ብሎ ቢያዝ አንድ ሰው እንኳ አይጨምርም። የጠፋው ነርስ ሳይሆን ጸሐፊ ነውና።

የእንክብል ዕደላ ሌላ ሒሳብ አለው። ጊዜው አጭር ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2001 የአባ ሰንጋ ተሕዋስያን በፖስታ ተልኮ 5 ሰው ከሞተባቸው በኋላ፣ በ2004 በየትልልቅ ከተሞቻቸው አንድ መርሐ ግብር ጀመሩ። ግቡም መላውን የከተማ ሕዝብ በ48 ሰዓት ውስጥ መድኃኒት ማስያዝ ነው። 4 ሚሊዮን ሕዝብ በ48 ሰዓት ማለት በሰዓት ከ83 ሺህ ሰው በላይ ነው፤ የማይቻል ይመስላል። ነገር ግን ለእንክብል ሰውየው ራሱ መገኘት የለበትም። አንድ አባወራ ወይም እማወራ ለአራት ቤተሰብ ከወሰዱ ቁጥሩ ወደ 21 ሺህ ይወርዳል። በሰዓት 400 ሰው የሚያስተናግዱ 53 ጣቢያዎች ሌሊትና ቀን ቢሠሩ ይወጡታል። አንድ ደንብ በመቀየር ብቻ የሥራው ሦስት አራተኛ ቀለለ ማለት ነው።

ከዚህ ሌላ ብልሹ ዕቃ የሚነግድ ሰው የሚያውቀው ጣጣ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ አፍሪካ በብዛት ይገባ የነበረው የአስትራዜኔካ የኮቪድ ክትባት በአንዱ ብልቃጥ 10 ሰው የሚከትብ ሲሆን፣ ብልቃጡ አንዴ ከተከፈተ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይጣላል። ወረፋው ጠዋት ሞልቶ ከሰዓት በኋላ ከሳሳ፣ ለሦስት ሰው ሲባል ብልቃጥ ይከፈታል፤ ሰባት ሰው የሚከትበው ይደፋል። ቲማቲም የሚነግድ ሰው እንዲህ ያለውን ሥራ ለአንድ ቀንም አይታገሠውም።

ወረፋውን የሚከፍለው ማን ነው?

ክትባት በነፃ ይሰጣል ሲባል ባለ ሱቁና ጫኝና አውራጁ እኩል ሆኑ ማለት አይደለም። ባለ ሱቁ ሠራተኛውን ሱቅ አስቀምጦ ይሄዳል፤ ወይም የሚያውቀው ሰው ደውሎ «አሁን ቀለል ብሏል፣ ና» ይለዋል። ጫኙ ግን አምስት ሰዓት ከተሰለፈ የዕለቱ እንጀራ ቀረ። ለእሱ ክትባቱ የአንድ ቀን ገቢውን ያህል ዋጋ አለው። ዋጋው ከበዛበት አይሄድም። እሱ ካልተከተበ ደግሞ በቀን አርባ ሱቅ ገብቶ የሚወጣው፣ ከጅማ የመጣውን ሾፌርና ከደሴ የመጣውን ቸርቻሪ የሚያገናኘው እሱ ነው።

ለባለ ሀብቱም ቢሆን ሒሳቡ ቀላል አይደለም። አንድ አስመጪ 1 ሚሊዮን ብር በ18 በመቶ ወለድ ተበድሮ ዕቃ ካስገባ፣ ገበያው በተዘጋ ቁጥር በቀን ወደ 500 ብር ወለድ ይቆጥርበታል። የመጋዘን ኪራይና የጥበቃ ደመወዝ በዚህ ላይ ነው። በአንድ ትልቅ የገበያ ቦታ በሺህ የሚቆጠር ነጋዴ እንዳለ ሲታሰብ፣ የአንድ ቀን መዘጋት ዋጋ ለብዙ የዕደላ ጣቢያዎች ድንኳን፣ ወንበርና የሰው ኃይል ይተርፋል።

የአዲስ አበባ ትዝታ

ኮቪድ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። በዚያው ወር መጨረሻ የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ መጨናነቁ ታይቶ ወደ ጃን ሜዳ ተወሰደ። ሜዳው ሰፊ በመሆኑ መጨናነቁን አቃለለ፤ ክረምቱ ሲገባ ግን ነጋዴውም ሸማቹም ጭቃ ውስጥ ሲዳክሩ ከረሙ። ከወራት በኋላ ገበያው ወደ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛወረ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ የአዲስ አበባ ነጋዴ በጥቂት ቀናት ውስጥ ገበያውን ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል ይችላል። ሁለተኛ፣ ቦታው በደጉ ጊዜ ካልታሰበበት የሚቆመው ጭቃ ላይ ነው።

የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን የኮቪድ ክትባት ቦሌ የደረሰው የካቲት 28 ቀን 2013 ሲሆን፣ ክትባቱ መሰጠት የጀመረው ከስድስት ቀን በኋላ መጋቢት 4 በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዚያ ዘመን የሕክምና ዕቃ ለአህጉሩ ሲያከፋፍል የነበረ ድርጅት ነው። ከውጭ አገር እስከ ቦሌ ያለው መንገድ የሚያሳስብ አልነበረም። የሚያሳስበው ከማቀዝቀዣው እስከ ሰው ክንድ ያለው የመጨረሻው ጥቂት መቶ ሜትር ነው።

ጉዳዩ በኮቪድ አብሮ ያለፈ የሚመስለው ካለ ኮሌራን ያስታውስ። በ2014 ማብቂያ ላይ በባሌ የተቀሰቀሰው ኮሌራ ወደ ብዙ አካባቢዎች ተዛምቷል። የዓለም የኮሌራ ክትባት ክምችት ከማነሱ የተነሣ፣ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ በወረርሽኝ ጊዜ ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ይሰጥ የነበረው አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሰጥ ተወሰነ። ዕቃ ሲያጥር አከፋፋዩ የበለጠ መጠንቀቅ አለበት፤ ይህንንም ነጋዴ ከማንም በላይ ያውቃል።

«ለሀብታም ቅድሚያ» እንዳይሆን

በአሜሪካኖቹ ዕቅድ ውስጥ ለንግዱ ኅብረተሰብ የሚስማማ አንድ ነገር አለ። ለሕዝብ ከሚከፈቱት ጣቢያዎች ጎን ለጎን «ዝግ ጣቢያ» የሚሉት አለ። አንድ ትልቅ ቀጣሪ ድርጅት ከጤና መሥሪያ ቤቱ ጋር አስቀድሞ ውል ይገባል። አደጋ ሲመጣ መድኃኒቱን ተረክቦ በግቢው ውስጥ ለሠራተኞቹና ለቤተሰቦቻቸው ያድላል። ያን ያህል ሰው ከሕዝቡ ወረፋ ቀነሰ ማለት ነው። ለሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ለባንክ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ለመርካቶ ባለ ብዙ ፎቅ የገበያ ማዕከል ይህ አሠራር የሚከብድ አይደለም።

ተቃውሞው ግን ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው የአድልዎ ጥያቄ ነው። ባለ ገንዘብ ግቢውን ዘግቶ ሲከተብ፣ ድሃው ውጭ ቆሞ የሚያይ ከሆነ ሕዝብ እምነት ያጣል። ሁለተኛው መድኃኒቱ በጓሮ በር ወጥቶ ገበያ ላይ ይቸበቸባል የሚል ነው፤ በሸማቾች ማኅበር ዘይትና ስኳር ወረፋ የያዘ ሰው ይህን ስጋት ከንቱ ነው አይልም። ሦስተኛው ልምድ የሌለው ሰው እጅ ይገባል የሚል ነው። ለዚህም ምስክር አለ። የፊላዴልፊያ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ላይ ትልቁን የኮቪድ ክትባት ጣቢያ ልምድ ለሌላቸው ወጣቶች አዲስ ድርጅት ሰጥታ፣ በሳምንታት ውስጥ ውሉን አፍርሳለች።

ስለዚህ ዝግ ጣቢያ የሚፈቀድለት ድርጅት የሚገባው ግዴታ መኖር አለበት። በቋሚነት የተቀጠረውን ብቻ ሳይሆን ጥበቃውን፣ የጽዳት ሠራተኛውን፣ በደጁ የሚውለውን ጫኝና አውራጅ በስም ዝርዝሩ ያስገባ። ከሕዝቡ ጣቢያ አንድ ሰዓት ቀድሞ አይክፈት። የተረከበውን፣ የሰጠውንና የተረፈውን በየማታው ለጥፎ ያሳይ። ባዶውን ብልቃጥ ቆጥሮ ይመልስ። መርፌውን የሚይዘው ፈቃድ ያለው የጤና ባለሙያ ብቻ ይሁን። የቀረው ሥራ፣ ማለትም ምዝገባው፣ ወረፋው፣ ውሃውና ጥላው፣ ነጋዴው ከማንም በተሻለ የሚያውቀው ሥራ ነው።

አራተኛው ጥያቄ የመድን ነው። ከተከተቡት አንዱ ቢጎዳ ማን ይጠየቃል? አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 የአሳማ ጉንፋንን ፈርታ መላ ሕዝቧን ልትከትብ ስትነሣ፣ የመድን ድርጅቶች ለክትባት አምራቾች ዋስትና አንሰጥም አሉ። ፋብሪካዎቹም ያለ ዋስትና አናቀርብም ብለው ያዙ። ምክር ቤቱ በኦገስት ልዩ ሕግ አውጥቶ ኃላፊነቱን መንግሥት እስኪወስድ ድረስ ዘመቻው ተንጠለጠለ። ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው ከተከተበ በኋላም አንዳንዱን ሽባ የሚያደርግ የነርቭ ሕመም በመታየቱ በዲሴምበር ቆመ፤ የተፈራው ወረርሽኝም አልመጣም። ካሣ የጠየቁት ግን ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላለሱ። ኮቫክስ በተባለው ዓለም አቀፍ አሠራር ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ92 አገሮች ክትባት ሲቀርብ፣ ጥፋተኛ ሳይፈለግ የሚከፈል ካሣ አብሮ የተዘጋጀው ከዚህ ዓይነቱ ልምድ በመነሣት ነው። ግቢውን ለዕደላ የሚሰጥ ባለ ሀብትም ይህን ጥያቄ ከአደጋው በፊት ቢጠይቅ ፈሪ አያሰኘውም።

በደጉ ጊዜ የሚፈረም ውል

እንግዲህ ከነጋዴው የሚጠበቀው ምንድን ነው? ገንዘብ ማዋጣት የመጀመሪያው ነገር አይደለም። በመጋቢት 2012 ብዙ ባለ ሀብት ገንዘብም ቤትም መኪናም ሰጥቷል። የጎደለው አስቀድሞ የተፈረመ ወረቀት ነው። የትኛው አዳራሽ፣ በስንት ኪራይ፣ በስንት ሰዓት ማስጠንቀቂያ እንደሚለቀቅ፤ የማቀዝቀዣ መኪና ያለው አስመጪ ስንት መኪና እንደሚያሰማራ፤ ጄኔሬተሩን ማን እንደሚያቀርብ በደጉ ጊዜ ይጻፍ። ችግር ሲመጣ የሚደረግ የኪራይ ድርድር መጨረሻው ወይ ብዝበዛ ወይ ጠብ ነው።

የባንክ ገንዘብ ተቀባዮች ደግሞ የተለየ ቦታ አላቸው። መታወቂያ አይቶ፣ ስም አመሳክሮ፣ ቁጥር ሰጥቶ በደቂቃ ሰው የሚሸኝ የሠለጠነ ጸሐፊ በየቅርንጫፉ ተቀምጧል። ከላይ በተቀመጠው ምሳሌ፣ መዝጋቢዎቹ ከ5 ወደ 14 ከፍ ቢሉና የምዝገባው ጊዜ ከ4 ደቂቃ ወደ 2 ቢወርድ፣ በሰዓት የሚያልፈው ሰው ከ75 ወደ 420 ያድጋል፤ ነርሶቹም ሥራ ያገኛሉ። የሚጠየቀው ዘጠኝ ጸሐፊና አጠር ያለ ቅጽ ነው።

ይህን ሁሉ ወረርሽኝ ሳይጠበቅ መሞከር ይቻላል። በኢትዮጵያ የኩፍኝና የፖሊዮ የክትባት ዘመቻዎች በየጊዜው ይካሄዳሉ። በሰኔ 2012፣ ኮቪድ ባለበት፣ ወደ 15 ሚሊዮን ሕፃናትን ለመከተብ ታቅዶ የኩፍኝ ዘመቻ ተጀምሯል። የንግድ ምክር ቤቱና የከተማው ጤና ቢሮ በሚቀጥለው ዘመቻ በአንድ ክፍለ ከተማ፣ ለአንድ ቀን፣ አንድ የገበያ አዳራሽ ላይ ጣቢያ ቢከፍቱ፣ በር ላይ ሰዓት የሚይዝ ሰው ቢያቆሙ፣ ወረፋው የት ላይ እንደሚታነቅ በዓይን ይታያል። ወጪው የአዳራሹ የአንድ ቀን ኪራይና የጥቂት ጸሐፊዎች አበል ነው።

ቁልፍ ያዡ ማን እንደሆነ፣ ሻይ ሲወጣስ ተተኪው ማን እንደሆነ ማወቅ የሚሻለው መኪናው በር ላይ ከመቆሙ በፊት ነው።